የቲን ሰንዴይስ የመጨረሻው ቴፕ

ኢፍቱ ቴፑን ከምድጃው ስታወጣው ገና ሞቅ ያለ ነበር። በሃምሳ ዲግሪ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተጋግሯል። በድሬዳዋ የድምፅ ግምጃ ቤት አሮጌ ቴፕ ሁሉ እርጥበቱ እንዲወጣ ከመነበቡ በፊት ይጋገራል። የሚነበበውም አንዴ ብቻ ነው፤ ንባቡ ሲያልቅ የሚቀረው ቡናማ ዱቄት ነው።

ይህኛው ቴፕ የቲን ሰንዴይስ ነበር። ቲን ሰንዴይስ የአራት አሜሪካውያን የኦሃዮ ወጣቶች ባንድ ነበር፤ ፓወር ፖፕ የሚባለውን፣ ጣፋጭ ዜማ በሚጮህ ጊታር የሚታጀብበትን ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ሦስት አልበም አወጡ፤ የገዛቸው ጥቂት ሰው ነው። ከበሮ መቺው ጎማ ቤት ተቀጠረ፣ ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ፣ ዘፋኙ ዳኒ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ ግን ሌሎች ልጆች ሰሟቸውና ባንድ አቋቋሙ፤ እነዚያን ደግሞ ሌሎች ሰሙ። በመጨረሻ ዘፈን ሠሪ ማሽኖች ከሁሉም ተማሩ።

ዳኒ ከመሞቱ ሳምንት በፊት ለእህቱ ለሎይስ አንድ ዘፈን ቀድቶ ነበር። ሎይስ ለመስማት አልደፈሩም። ስልሳ ሦስት ዓመት አስቀመጡት፤ በመጨረሻ ይነበብላቸው ብለው ወደ ድሬዳዋ ላኩት። አሁን ዘጠና አልፏቸዋል፤ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው በስክሪን ይጠብቃሉ። የሚሉትን ተርጓሚው ማሽን ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«እትዬ ሎይስ፣ እንዴት አደሩ?» አለ የኢፍቱ አለቃ ጋሽ አርጋው።

«አልሞትኩም። አንተስ እንዲህ ሸብተህ ዛሬም አላገባህም?»

«እርስዎን እየጠበቅኩ ነዋ!»

ኢፍቱ እየሳቀች ቴፑን ጫነች። ጣቷም እንደ ልማዷ ጠራጊውን ነክቶ አስነሳ። ጠራጊው ከቀረጻ ጋር የተቀላቀለ የሬዲዮ ዘፈን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ በዓለም ላይ የታወቀ ዜማ ካገኘ ለዘለቄታው ያስወግደዋል። ሰዎች ቤታቸው ሲቀዱ ሬዲዮ ስለማይዘጉ ያለ እሱ ተሠርቶ አያውቅም።

አራት ደቂቃ አለፈ። ዱቄቱ ትሪው ላይ ረገፈ። ከዚያ ጽሑፍ ወጣ፦ ከታወቁ ድምፆች ጋር መመሳሰል ዘጠና ስምንት በመቶ። ተወግዷል።

«ምኑን ነው ያወጣው?» አለ ጋሽ አርጋው፣ ሎይስ እንዳይሰሙ የስክሪኑን ድምፅ ዘግቶ።

«ጊታሩን። ዜማውን። የሚዘፍንበትን ድምፅ።» አለች ኢፍቱ። «ዓለም ሁሉ እሱን ሲቀዳ ኖሯል። ማሽኑ ዋናውን ከቅጂ አልለየውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጋሼ።»

«ዘፈን ሠሪው ማሽን በአንድ ደቂቃ አስመስሎ ይሞላዋል። ደስ ብሏቸው ይሙቱ።»

«እናትዎ ቢሆኑስ?»

«እናቴ ብትሆንማ ቶሎ በይ ነበር የምልሽ።»

ኢፍቱ የስክሪኑን ድምፅ መልሳ ከፍታ እውነቱን ነገረቻቸው።

«ስልሳ ሦስት ዓመት» አሉ ሎይስ። «አንቺ በአንድ ጣት! ምንም አልቀረም?»

«ሰባት ሴኮንድ።»

አሰማቻቸው። ወንበር ሲጥ አለ። የሰለለ የወንድ ድምፅ «ሎይስ፣ በሩን ዝጊው እንጂ» አለ። ከዚያ አስም ያለበት ሰው እንደሚስበው ሻካራ ትንፋሽ ተሰማ፤ በዚያው ተቆረጠ።

«ዘግቼው ሄድኩ» አሉ ሎይስ። «ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «አልበሞቹ ላይ ትንፋሹን ይቆርጡት ነበር። ያሳፍረው ነበር። ይሄም ወደ ዘፈን ሠሪ ማሽኖቹ ይገባል?»

«ሕጉ ነው። የተገኘ ድምፅ ሁሉ ዛሬውኑ ይገባል።»

«ነገ ማሽኑ ሁሉ እንደሱ ይተነፍሳል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ደግመሽ አሰሚኝ።»

ሦስት ጊዜ አሰማቻቸው።

«አሁን አጥፊው።»

ኢፍቱ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አውቃ ያጠፋችው ድምፅ የለም። ወደ ጋሽ አርጋው ዞረች። እሱ ኮቱን አነሳ።

«እኔ ምሳ ወጥቻለሁ» አለ። «ገና ድሮ።»

ሲወጣ ሰባቱን ሴኮንዶች አጠፋች። መዝገቡ ላይ «ባዶ ቴፕ» ብላ ጻፈች። ቀና ስትል ሎይስ ከስክሪኑ አልሄዱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አየር ሳቡ፤ አልመጣላቸውም። እንደገና ሳቡ። በሦስተኛው እንደ ዳኒ ትንፋሽ ሻካራ ሆኖ ወጣ።