የወፍጮ ቤቱ ምስማር

«የሰዲቅ ወፍጮ ቤት ዛሬ እህል እንደማይፈጭ ለክቡራን ደንበኞቻችን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን» የሚል ወረቀት በሸዋ ሮቢት አንድ በር ላይ ተለጠፈ። ምክንያቱ አልተጻፈም። ምክንያቱ ከውስጥ፣ አንሶላ ለብሶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ሟቹ ሠዓሊው ጀይላን ነው። ባጃጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የስፌት መኪና ብሎኑ ሳይቀር እየሣለ ስሙ ከትውልድ ከተማው፣ ከሞቃታማዋ ካራቆሬ አልፎ አዲስ አበባ ደርሷል። አሁን ደግሞ ወፍጮውን ሊሥል መጥቶ የጋሼ ሰዲቅ እንግዳ ነበር።

ኢንስፔክተር ሰብለ ስትደርስ ጋሼ ሰዲቅ፣ ሚስታቸው እትዬ ከዲጃና የወፍጮው ሠራተኛ ዮናስ አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ፤ ምሳ በልተን ስንመለስ ወድቆ አገኘነው፣ ሙቀቱ ነው የገደለው አሉ።

«የካራቆሬ ልጅ ሙቀት ገደለው?» አለች የሟቹ ሚስት ሳሊሃ። ከአስር ሶላት በኋላ ይቀበራል፤ አፈር ከለበሰ በኋላ የሚጠይቅላት እንደማይኖር ታውቃለች።

በሟቹ መዳፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረች። እትዬ ከዲጃ የቀለም ጠብታ መሆኗን አስረዱ። ሰብለ ከሠዓሊው ዕቃ መካከል የቀለም ማስለቀቂያውን አንስታ ነጥቧን በጨርቅ አሸቻት። አልለቀቀችም።

ከዚያ ጀይላን ሲሥለው በነበረው የወፍጮው ሥዕል ፊት ቆማ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ጀይላን ያየውን አይተውም» አለች። «ግድግዳው ዱቄት ጠጥቶ ነጥቷል። ማብሪያው አጠገብ ካለው ምስማር ሥር ግን ዱቄት ያልነካው ረጅም መስመር ሥሏል። ይኸው፣ ግድግዳውም ላይ አለ። ምን ነበር የተሰቀለው?»

«ወንፊት» አሉ ጋሼ ሰዲቅ።

«ጃኬቴ» አለ ዮናስ፣ ከእሳቸው እኩል።

«እንዲህ የቀጠነ ወንፊት አላየሁም፤ ጃኬትም። ዱላ ነው። መዳፉ ላይ ያለችውም ቃጠሎ ናት። ማብሪያው ስለሚነዝር በደረቅ ዱላ ነው የምትነኩት። ሥዕሉ አዲስ አበባ ሲሰቀል የሰዲቅ ወፍጮ በዱላ ይነካል እንዳይባል አፍራችሁ ደበቃችሁት። ለእንግዳው መንገሩንም አፈራችሁ። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ሲዞር እንዲያይ ወፍጮውን አስነስታችሁለት ምሳ ሄዳችሁ። ሲበቃው ራሱ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።»

«ማብሪያው ምንም አልሆነም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ሰዲቅ፣ ወለሉን እያዩ።

«እንግዲያው ወፍጮው ይነሳ።»

ጋሼ ሰዲቅ ዮናስን አዩት። ዮናስ ወደ ማብሪያው ተራመደ። እጁ ግን እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሄዶ ባዶውን ምስማር ዳበሰ፤ እዚያው ቀረ። እጁን ከምስማሩ አንስቶ ወደ ማብሪያው ሊሰድ ሲል፣ እትዬ ከዲጃ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ዱላውን መዝዘው ፈጥነው አቀበሉት።

ሳሊሃ ዱላውን አየችው።