በአቅላ ሜዳ የተፋቀው ስም

በመከር መግቢያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአቅላ ሜዳ ተነፈሰ። አፈሩ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ አለ። የዛምበራ አገር ከብቶችም የዚያን ቀን ውሃ አልቀመሱም። ከሰባ ዓመት በፊት አርባ ዘማቾች ዘንዶውን ጉርማጥን በዚያ ሜዳ ቀብረው አብረውት አልቀዋል። ዘንዶውን ከምድር በታች የያዘው በመታሰቢያው ዓምድ ላይ የተቀረጸው የአርባው ሰው ስም ነበር። አሁን አንዱ ጠፍቷል።

ንግሥቲቱ ከሰይፈኞቿ መካከል አንዲት ወጣት ላከች። ልጅቷ ጎራዴ ታውቃለች፣ ትዕግሥት የሚባል ግን አልፈጠረባትም። «ስሙን ሳልመልስ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። ከጦር ጓዷ ከደባልቄ ጋር ሦስት ተራራ ወጣች፣ እሳት ከሚተፉ ጅቦች ጋር ተናነቀች፣ ትከሻዋን ተነክሳ ሜዳው ደረሰች።

እዚያ የጠበቃት ጭቅጭቅ ነበር። ከሰባት መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ዓምዱን ከበው «የጎደለው የእኔ አያት ነው!» «ያንተ አያት መቼ ዘመተና!» ይባባላሉ። የአምስት አያቶች ስም ተቀርጾ ነበር፤ አምስቱንም ድንጋዩ አራገፈው። በተራገፈ ቁጥር ምድሩ እየተሰነጠቀ ቤት ይውጣል፣ እነሱ ግን ሙግታቸውን አልተዉም። ልጅቷ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች።

በመጨረሻ የዓምዱ ጠባቂ አባ ጥጋቡ እግሯ ላይ ወደቁ።

«የፋቅሁት እኔ ነኝ ልጄ። ሹማችን የአያታቸውን ስም አስገባ ብለው አዘዙኝ። አያትየው በጦርነቱ ቀን ቤታቸው ተኝተው ነበርና ስማቸውን ድንጋዩ አልያዘውም። አንድ ወገን የሌለው በቅሎ ጫኝ ነበረ፤ ማን ይጠይቃል ብለው የእሱን አስፋቁኝ።»

«ስሙን ይንገሩኝ!»

«አላውቀውም። ማንበብ አልችልም። አርባ ዓመት ሙሉ የደበዘዘውን ፊደል ቅርጹን እያየሁ ነው የቀረጽኩት።»

ልጅቷ ጎራዴዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «ለዚህ ነው ሦስት ተራራ የወጣሁት? የሚቆረጥ ነገር እንኳ የለም!»

ሜዳው ለሁለት ተሰንጥቆ የጉርማጥ ጥፍር ብቅ አለ።

«ሌላ ስም አይይዘውም?» ብላ ጮኸች።

«ራሱን ለዚህ ሜዳ የሰጠ ሰው ስም ይይዘዋል። ግን ዓምዱ ላይ የሰፈረ እንደሞተ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ከጠራው ፊደሉ ይረግፋል። እናቱም ብትሆን።»

እኔም ስሟን ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው። ሲሟገቱ የነበሩት ሽማግሌዎች በሙሉ ከዓምዱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለአያት ስም የተናነቀ ሁሉ የራሱን ሲጠየቅ መሬት መሬት ያያል።

«የእኔን ጻፉ» አለ ደባልቄ።

«አንተ ሦስት ልጆች አሉህ። ስማቸው ካንተ ስም ጋር ነው የሚጠራው። እነሱንም ልትቀብር ነው?» አለችው ልጅቷ።

ከሰል አንስታ ስሟን ድንጋዩ ላይ ጻፈች። አባ ጥጋቡ እንባቸው እየወረደ ፊደል በፊደል ተከትለው ቀረጹ። የመጨረሻው ፊደል ሲያልቅ ምድሩ ተዘጋ፣ የዘንዶውም ጩኸት ወደ ታች ሰጠመ። ዛምበራ ዳነች። የበቅሎ ጫኙ ስም ግን ጠፍቶ ቀረ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅቷ ቀዬዋ ስትገባ እናቷ ከሩቅ አይታ እየሮጠች መጣች። ልትጣራ አፏን ስትከፍት ደባልቄ ቀድሞ ደረሰና በመዳፉ ከደነው። የሆነውን ሁሉ እዚያው መንገድ ላይ ነገራት።

እናት እጁን ከአፏ ላይ አወረደች። ልጇን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አለች በንዴት። «ማንን ጠይቃ ሰጠችው?»