ጠባሳ የማያውቅ ፎቶ

በሺር ዓርብ ቀትር ላይ ደሴ ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሐሙስ አመሻሽ በካሜራ ማቆሚያ ጭንቅላቱን የመታው ሰው ሳይቧጨር አልሄደም፤ በበሺር ጥፍር ሥር የሰው ቆዳ ነበር። የፖሊስ ኮማንደሩ ግን «ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል» ብሎ የሟቹን ሚስት ሳፊያን አሰራት።

«ዛሬውኑ መዝገቡን ዝጊው» አላት ኢንስፔክተር ገበያነሽን።

«አልዘጋውም። በሴትዮዋ ገላ ላይ አንድ ጭረት የለም፤ እርስዎም አይተዋል።»

ሳፊያም የምትበገር አልነበረችም። «ወላሂ፣ ያልሠራሁትን አልፈርምም» ብላ ወረቀቱን ገፋችው።

ጭረት የነበረው በበሺር ሸሪክ፣ የኮምቦልቻውን ፎቶ ቤት በሚመራው በሂሻም ጉንጭ ላይ ነው።

«ቅዳሜ ወደ ቀብሩ ስመጣ ቁልቋል ቧጨረኝ» አለ። «ይኸው ዓርብ ጠዋት ራሴን ያነሳሁት ፎቶ፤ ፊቴ ንጹሕ ነው።»

ገበያነሽ ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላ በሂሻም አገጭ ላይ ያለችውን የትውልድ ምልክትም አየች።

የደሴው ሠራተኛ አቤ ደግሞ እንዲህ አላት፦ «ሂሻም የሰው ፊት በራሱ የሚያሳምር የኮምፒውተር ፕሮግራም አመጣ። ጉም የዋጠውን የጦሳ ተራራ እንኳ ሰማያዊ ሰማይ ያለብሰዋል። ጋሽ በሺር ጠላው። ‹የሰው ፊት አልለውጥም› ብሎ ሐሙስ ዕለት ሽርክናው ይፍረስ አለ።»

በማግስቱ ገበያነሽ ሁሉንም፣ ሳፊያን ጭምር፣ ፎቶ ቤቱ ሰበሰበቻቸው።

«አቤ፣ አንሳኝ፤ በዚያ ፕሮግራም አሳልፈህ አትምልኝ።»

ፎቶው ወጣ። እናቷ በልጅነቷ ግንባሯ ላይ ያስነቀሰቻት መስቀል ፎቶው ላይ የለም።

«ኮረዳ ሳለሁ ይህን ለማስጠፋት ያልሞከርኩት የለም፤ ማሽኑ ግን በአንዴ ጠረገው» አለች። «ሂሻም፣ አገጭህ ላይ ማርያም ስማሃለች። ዓርብ ባነሳኸው ፎቶ ላይ የታለች? አብራህ የተወለደችውን የጠረገ፣ የሐሙስን ጭረት ይምራል?»

«ይህ ጭረቱ ያን ቀን ነበረ አያሰኝም» አለ ሂሻም።

«አያሰኝም። ለዚህ ነው ካሜራህን ከኮምቦልቻ ያስመጣሁት። ያሳመርከው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ነው፤ ካሜራው ውስጥ የቀረውን ረሳኸው።»

አቤ ከፈተው። የዓርብ ጠዋት ፊት፣ አገጩ ላይ ምልክቱ፣ ጉንጩ ላይ ገና ያልደረቀ ጭረት። ሂሻም አንገቱን ደፋ። ኮማንደሩ ካቴናውን ከሳፊያ እጅ ፈታ።

ሳፊያ አላመሰገነችውም። ወደ አቤ ዞረች።

«የበሺርን ፎቶ አትምልኝ። ከነማድያቱ፣ ከነሽበቱ። በዚያ ማሽን እንዳታሳልፍብኝ፤ እኔ ያገባሁት ያንን ፊት ነው።»