ለዓይን የሚያምረው ትግለኛ

ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ ሰው በሽታውንና ወሬውን ይዞ ይወርዳል። በሽታው አንዳንዴ እዚያው ይቀራል፤ ወሬው ግን ብሶበት ይመለሳል።

ጥሩብርሃን በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ አባቷን በቃሬዛ አሸክማ ከወረታ ስትወርድ የያዘችው በሽታውን ብቻ ነበር። አባቷ ገሰሰ የፎገራ ሜዳ ያጨበጨበላቸው ትግለኛ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በጥምቀት፣ የአንበሳሜው የሻው አንስቶ ጣላቸውና ወገባቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም። በጨዋታ ለተሰበረ ወገብ ደግሞ ካሣ የለም። የሻውም ዳግመኛ ሳይታገል፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

አንድ ጧት ውሃው ዳር የተኮለኮሉት በሽተኞች ሙግት ገጠሙ። ከዱሮዎቹ ትግለኞች ለዓይን የሚያምረው ማን ነበር?

«ገሰሰ ነዋ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እግር ሲጠልፍ ማን ያየዋል? ወዳቂው ራሱ የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ካልታየ ምኑ ያምራል?» አለ እናቱን ይዞ የመጣ ወጣት። «የሻው ሰው ሲያነሳ ግን ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ገሰሰን እንደ ነዶ አንስቶ ሲያፈርጠው ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እንዲያ ያለ ነገር ዳግም አይታይም።»

ገሰሰን የሚያውቁት ሁሉ ወደ ቃሬዛው ዞሩ። ጥሩብርሃን ልጁን አፍጥጣ አየችው። በድንጋይ ብትለው ደስ ባላት።

«ልጁ ልክ ነው» አሉ ገሰሰ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ። «የወደቅሁት እኔ ነኝ። ከእኔ የበለጠ ማን በቅርብ አየው?»

የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ። ተንደርድሮ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ይማሩኝ አባቴ! አላወቅሁዎትም። ያየህ እባላለሁ፤ የየሻው ልጅ ነኝ።»

ገሰሰ ትከሻውን ያዝ አድርገው «እንግዲያ አባትህ የጣለውን አንተ አንሣ» አሉት።

አነሣቸውም። ሁለት ሱባዔ ሙሉ ጧትና ማታ እያዘለ ውሃው ውስጥ አወረዳቸው። ጥሩብርሃን ጋቢያቸውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። መጀመሪያ መሬት መሬቱን ታይ ነበር፤ እያደር ዓይኗ እሱን ማየት ለመደ።

«ወገብህን አያምህም?» አለችው አንድ ቀን።

«ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ብናገር ሌላ ተሸካሚ ትፈልጊያለሽ።»

ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ራሷም ደነገጠች።

በታኅሣሥ የያየህ ሽማግሎች ወረታ መጡ። ገሰሰ «ይሁን» አሉ። የቤቱ ሞፈርና የአባቱ አልጋ ስምንት ዓመት የተጫነበት ወንድሟ ደሞዝ ግን ብድግ አለ።

«የአባቴን ወገብ የሰበረ ቤት እህቴን እንዲሁ አይወስድም! ለጥምቀት ሜዳው ላይ ይግጠመኝ። ከጣለኝ ይውሰድ። ካልጣለኝ አልሰጥም፤ ብሰጥ ኃይለ ሥላሴ ይሙት!»

ሽማግሎቹ አቀረቀሩ። በንጉሥ ስም የተማለ ነገር የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም።

የከተራ ዕለት ጥሩብርሃን ያየህን ርብ ወንዝ ዳር አገኘችው።

«ትጥለዋለህ?»

«እጥለዋለሁ። የአባቴን አያያዝ አውቀዋለሁ።»

ይኸው ነበር የፈራችው። «ያየህ፣ እኔ ስምንት ዓመት የተሰበረ ሰው አገላብጫለሁ። ሁለተኛ አልችልም። ወንድሜን አደራ!»

ያየህ ጠጠር አንስቶ ውሃው ውስጥ ወረወረ። «ካልጣልሁት አላገኝሽም እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። ሁለቱንም ፈልጋ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሰውን መለመን እንደሌለበት የገባት በኋላ ነው።

በማግሥቱ ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው በሰው ሞላ። ገሰሰም በቃሬዛ ወጡ። ሁለቱ ወጣቶች ወገብ ለወገብ ተያያዙ። ደሞዝ እንደ ኮርማ ገፋ፤ ያየህ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሸሸና ድንገት ዝቅ ብሎ ከሥሩ ገባበት። የደሞዝ እግር ከመሬት ተነሣ። ሜዳው ትንፋሹን ዋጠ። የየሻው አያያዝ ነው።

ያየህ በደሞዝ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጥሩብርሃንን አያት። እሷም አየችው። ለአንዲት አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ «ጣለው» ብላ ነበር በልቧ።

እሱ ግን ደሞዝን ቀስ አድርጎ በእግሩ አቆመው። ቀና ሳይል ደሞዝ እግሩን ጠለፈው፤ ያየህ በጀርባው ተዘረጋ።

ሆታው ቀለጠ። ደሞዝ አልጨፈረም። «ለምን አወረድኸኝ?» አለው ጎንበስ ብሎ።

«እህትህ አደራ ብላኛለች» አለ ያየህ አቧራውን እያራገፈ።

ደሞዝ አባቱ ፊት ተንበረከከ። «አባዬ፣ ቃሌን ልመልሰው።»

ገሰሰ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። «በንጉሥ ስም ምለህ ወዴት ትመልሰዋለህ ልጄ?»

አልተመለሰም። ያየህ ሁመራ ወረደ፤ ጥጥ ሲለቅም በሁለተኛው ዓመት ንዳድ ገደለው። ወሬውን ያመጡት የአንበሳሜ ነጋዴዎች ናቸው። ጥሩብርሃን ያን ጊዜ የሌላ ሰው ሚስት ነበረችና ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ደሞዝ ግን አለቀሰላት። ከዚያ ወዲያ ጥምቀት ሲመጣ ከቤት አይወጣም።

በስልሳ ዓመተ ምሕረት ጥሩብርሃን ጉልበቷን ታማ ብቻዋን ወንዛዬ ወረደች። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ሙግቱ ግን እዚያው ውሃ ዳር አለ። አንዱ «የሻው!» ይላል፤ ሌላው «ገሰሰ!»

«አንችስ?» አሏት አንድ ሽማግሌ። «የገሰሰ ልጅ አይደለሽ? ለዓይን የሚያምረው ማን ነበር?»

«ያየህ» አለች።

«ያ ደሞዝ የጣለው?» ሽማግሌው ሳቁ። «ኧረ እሱስ አንድም ሰው አልጣለ!»

«አዎ» አለች ጥሩብርሃን። «አንድም ሰው አልጣለም።»