ደጀኔ በአራስ ቤት ያነሳቸው ሦስት ፎቶዎች

ተረት ነው የምትሉ በሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ቦታው ቡሬ፣ የልጅ ልጄ የያምሮት አራስ ቤት። ዘመኑ 2002፣ ወሩ ኅዳር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጠራራ ፀሐይ ነው... ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳትሉኝ።

ባሏ ደጀኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከፍቷል። ያን ሰሞን ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ፣ ከእሱ ሌላ ሰው የተወለደ አይመስለውም ነበር። እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቢቀርም፣ ምርትና ገለባ አይጠፋኝም።

«ብራኬቲንግ ይባላል፣ እማማ» አለኝ። «አንዴ ስጫነው ሦስት ያነሳል። አንዱን አጨልሞ፣ አንዱን ልክ፣ አንዱን አድምቆ። ከዚያ የሚሻለውን መምረጥ ነው።»

«አንዱን ልክ ማንሳት ላቃተው ነዋ!» አልሁት።

ሳቀ። ሲስቅም አያምርበት።

ሰማንያ ቀኗ ያልሞላ፣ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ፎቶ አትነሳም ብዬ ለመንሁት። ጭንቀታም ነሽ ይሉኛል፤ ልሁና! እሱ ጭራሽ ከክፉ እንዲጠብቃት ከአራሷ ራስጌ ያኖርሁትን ማጭድ አንስቶ ወደ ደጅ ወረወረው።

«ፎቶ ያበላሻል!»

«አራስ ያለ ብረት አትተውም፣ አንተ!»

«የድሮ ነገር ነው፣ እማማ። ይተዉት።»

ያምሮት ሕፃኗን በሁለት እጇ ታቅፋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ።

ሊኩራራብኝ ካሜራውን ይዞ መጣ።

መጀመሪያ ጨለም ያለው ፎቶ። እናትና ልጅ። ሌላ የለም።

ቀጥሎ ልኩ። ከያምሮት ትከሻ በላይ... እጅ።

«የማን ነው?» አልሁት በሹክሹክታ።

«ጥላ ነው።»

«ጥላ ጥፍር አለው?»

ቶሎ ብሎ አሳለፈው።

ሦስተኛው ያ አደምቀዋለሁ ያለው ነው። ቤቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። እጁ ወርዶ... ሕፃኗን በብብቷ ሥር ይዟታል።

ሦስቱም የተነሱት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው።

ቀና ስል ያ ጀግና ካሜራውን ጥሎ ደጅ ወጥቷል! ሚስቱን ከነልጁ ትቶ! ዶሮ እንኳ ጭልፊት ሲመጣ ጫጩቷን ጥላ አትሮጥም።

«እማምዬ...» አለች ያምሮት። «እማምዬ፣ እየሳቡብኝ ነው...»

ሕፃኗን ነጥቄ ደረቴ ላይ ለጠፍኋት። በስመ አብ እያልሁ፣ ያምሮትን በክንዷ ጎትቼ ወደ በሩ ተራመድሁ።

ሕፃኗ አላለቀሰችም።

አንገቷ ገና ያልጠና ልጅ... ቀና አለች። በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላዬ አየች።

እነዚያን ትናንሽ እጆቿን ዘረጋች፤ «እቀፉኝ» እንደሚል ልጅ።

ከዚያ እቅፌ ውስጥ እንዳለች... ቀለለችኝ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው ግማሽ ክብደቷን እንደተቀበለኝ።