የቀዘቀዘው ኮርማ

«ወተቱ ከየት ነው?»

«ከመራዊ።»

«ረግቷል?»

«እንደ ድንጋይ።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሌባው ያ ሁሉ ፖሊስና ደላላ እያየው፣ ቡሬ መናኸሪያ መሃል ቢዶኑን ለይታገሱ አስረክቦ እንደ ጉም ተነነ።

ይታገሱ፣ የምሥጢር ስሙ «ጎተራ»፣ የሌቦቹ ተላላኪ መስሎ ክረምቱን አብሯቸው ከርሟል። በጎጃም ምድር እንደሱ ወተት ነጋዴ የመሰለ ሰላይ አልተፈጠረም፤ ላሞች እንኳ ሲያዩት ጡታቸው ያግት ነበር።

ቢዶኑ ውስጥ ወተት የለም። ፈሳሽ ናይትሮጂን ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ከላቦራቶሪ የተሰረቀ የአንድ ኮርማ ዘር። አንድ በሽታ የአገሩን ከብት ሲፈጅ የተረፉት የዚያ ኮርማ ጥጆች ብቻ ናቸው። ኮርማው ሞቷል። የቀረው ይኸው ነው። ፍኖተ ሰላም ላለችው አለቃው ለሕሊና ካላደረሰው ድንበር ይሻገራል።

ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ክንዱ የሚባለው ሰው ተቀመጠ፤ በሩን ይዞ። የስለላ ባልደረባው ነው፤ ጠባቂው።

ይታገሱ መስኮቱን ከፈተ። ናይትሮጂን ይተናል፤ በተዘጋ ቦታ ትንፋሽ ይቀማል።

«ኧረ ዝጋው የኔ ልጅ!» አሉ ከኋላ የተቀመጡት እማማ ማሚቱ፣ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ እየጠመጠሙ። «ነፋስ ልታስመታኝ ነው?»

«እማማ፣ ትንሽ አየር...»

«አየሩን ስትወርድ ትጠጣዋለህ!»

መኪናው ሙሉ ሳቀበት። ዘጋው።

ማንኩሳ ሲቃረቡ፣ ከክንዱ ጋቢ ሥር የሽጉጥ አፈሙዝ ጎኑን ነካው።

«እዚህ ትወርዳለህ፣ ጎተራ። ወተቱ ከኔ ጋር ይቀጥላል።»

«ክንዱ! አንተ?»

«እኔ። ገዢዎቹ የሚጠብቁት እኔን ነው። ትንፍሽ ብትል ሬሳህ ይወርዳል።»

በሩ በክንዱ ተይዟል። መስኮቱ በእማማ ማሚቱ።

መውጫ የለም።

ቢዶኑን በእግሩ ገፍቶ ጣለው።

ክዳኑ ተፈናጠረ። ነጭ ጉም ወለሉን ሞላው፤ እንዲያ ያለውን ጉም ጮቄ ተራራ ራሱ አይቶት አያውቅም።

«እሳት! ተቃጠልን!»

ዕድሜ ልካቸውን የመኪና መስኮት ከፍተው የማያውቁት እማማ ማሚቱ በሁለት እጃቸው በረገዱት። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ። ተሳፋሪው ሁሉ በአንዲት በር፣ በክንዱ ላይ ተንዶ ወጣ። ሽጉጡ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

«መሣሪያ ይዟል! ያዘው!»

ያ ሁሉ ዱላ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ክንዱን ጠፍንገው ለፖሊስ አስረከቡት።

ይታገሱ ውስጥ ቀርቷል። ዘሩን የያዘው የቆርቆሮ ኩባያ ከቢዶኑ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባሏል። ከሞቀ አለቀ። ጓንት የለም።

በባዶ እጁ አነሣው።

ቆዳው ከብረቱ ተጣበቀ። ቢዶኑን አቅንቶ ኩባያውን በተረፈው ናይትሮጂን ነከረው፤ ጣቶቹም አብረው ገቡ። የዘሩ ሴሎች ግሊሰሪን ተጨምሮላቸዋል፤ ውስጣቸው ያለው ውኃ መርፌ የመሰለ በረዶ ሠርቶ እንዳይበጣጥሳቸው ይጠብቃቸዋል። ለጣቶቹ ማንም ምንም አልጨመረላቸውም።

ቢዶኑን አቅፎ በሌላ መኪና መንገዱን ቀጠለ።

ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ፣ ሕሊና ከዘሩ ጥቂት አሙቃ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገች።

«ና እይ።»

ማስተካከያውን ሊያዞር ሞከረ። የጠቆሩት ሁለት ጣቶቹ አልታዘዙትም። እሷ አዞረችለት።

ሴሎቹ ይዋኛሉ። ታቦት እንደሚያጅብ ጎረምሳ ይጋፋሉ።

«ጣቶችህ አይተርፉም» አለችው ቀስ ብላ። «ደግሞ ማንነትህ ስለታወቀ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጎተራ የሚባል ሰው የለም።»

«ታዲያ የሚቆረጠው የማን ጣት ነው?»

ሕሊና ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰች።

እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ገበያው ሞልቷል። በርበሬ የጫነ ባለ ጋሪ ከኋላው ጮኸበት።

«ገለል በል፣ አንተ ሥራ ፈት!»

ገለል አለ።