ሦስተኛው ዙር

ለክቡራን አንባቢያን በጥብቅ የማሳውቀው ጉዳይ አለ፦ የቢሯችን ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ በታች ያለውም እንደዚሁ እውነት ነው።

ያለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቡሬ። መሬት በምንለካበት ክፍል ሦስት ነበርን... እኔ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ጋሽ እጅጉ፣ እና ባላቸው አምና የሞቱባቸው እትዬ ንግሥቴ።

ያለቻቸው አንዲት ማሳ ናት። ስፋቷ ዛሬ ካልተመዘገበ የባላቸው ወንድም ዘሩ ሊያስለቅቃቸው ነው። የእሱም ማሳ ከጎናቸው ነው።

መብራት ስለጠፋ ጋሽ እጅጉ ከመሳቢያ ፕላኒሜትር አወጡ። ሁለት ክንድ ያለው የናስ መለኪያ ነው። አንዱ ክንድ ካርታው ላይ ይተከላል። የሌላው መርፌ የማሳውን ድንበር ተከትሎ ይዞራል፤ ትንሽ ጎማ ስፋቱን ትቆጥራለች።

መርፌውን አዞሩ። አንድ ሄክታር ከሩብ።

«በቃ፣ ጻፍ» አሉኝ።

«መመሪያው ሦስት ጊዜ ይላል፣ ጋሼ።»

«በዚህ ዕቃ አንዴ ነው።»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ሁለት ዙር ሊያቅተኝ? ራሴ ያዝሁት።

ሁለተኛ ዙር... አንድ ሄክታር።

መርፌውን መልሼ መነሻው ላይ አቆምሁ።

ሦስተኛ ዙር... ሦስት ሩብ ሄክታር።

የእትዬ ንግሥቴ ስልክ ጮኸ። ልጃቸው አቻምየለሽ ናት፣ ከማሳው። ድምጿ ለሁላችንም ይሰማል።

«እማ... የድንበሩ ድንጋይ መጣ።»

«ወዴት መጣ?»

«ወደ እኔ። ቅድም ከበቆሎው ማዶ ነበር... አሁን እግሬ ሥር ነው።»

«እጅህን አንሣ» አሉኝ ጋሽ እጅጉ በሹክሹክታ።

አነሣሁ።

መርፌው ግን አልቆመም።

ትንሽ ሄደ... ቆመ። ትንሽ ሄደ... ቆመ።

«እማ» አለች አቻምየለሽ። «አባዬ ማሳው ውስጥ ነው።»

እትዬ ንግሥቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ምን ያደርጋል?»

«በእርምጃ እየለካ ነው። አላየኝም... ዝም ብሎ ይቆጥራል።»

አንድ እርምጃ... መርፌው ሄደ። አንድ እርምጃ... ሄደ።

ከዚያ መስመሩን ለቀቀ። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ማሳ ገባ።

«እማ... የጋሽ ዘሩን በቆሎ ገባበት። ድንጋዩ ከኋላው እየተከተለው ነው።»

መርፌው ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ነጥብ ገጠመ። ጎማዋን አነበብሁ።

አንድ ሄክታር ተኩል።

«ጻፍ» አሉኝ ጋሽ እጅጉ።

«ጋሼ... ይህን ዕቃ ከማን ነው የተቀበሉት?»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አልነግርህም።»